ለንባብ ብቻ

ማስታወቂያው የባህል ማዕከሉ በር ላይ ነበር፤
ጥጉን ዝናብ ልሶት፣ ማኅተሙ ሊለቅ ሲያጣጥር።
«አዲስ የኦርኬስትራ ድርሰት ያላችሁ፣
የየመሣሪያውን ቅጂ ለይታችሁ፣
ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ትመጣላችሁ።
ለእያንዳንዱ ሥራ ሃያ ደቂቃ።
ለንባብ ብቻ ነው። ትርኢት የለም። በቃ።»

ጭብጨባ የለም ማለት ነው። ይሁን። ስድስት ዓመት
ድርሰቴን ያየው ዓይን እንጂ አንድም ጆሮ አልነካት።
ሃያ ደቂቃ ለእኔ፣ በካርታ ብቻ ለማውቀው አገር
የአንድ ቀን መግቢያ ነበር።

ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ክር እስኪበጠስ ስጠብቅ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ስነቃ፣
በምርት መመዝገቢያው ቅጽ ጀርባ
አምስት አምስት መስመር አሰምሬ፣
ሃያ ሦስት ቅጂ ጻፍኩ፤ አንዱን ሁለቴ፣ ተሳስቼ አሳርሬ።
አለቃችን ዘይነባ አንድ ሌሊት ደረሰችብኝ፤ አልተቆጣችም።
መስመሩን በጣቷ ተከትላ፣
«ክሩ ይሄ ነው? ቋጠሮ በዛበት፤ አይበጠስም?»
«እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው። ተጎትቶ አያውቅም።

ሐረጎን በሚኒባስ ስንወጣ፣ ጉሙ መስኮቱን ዘግቶ፣
ፌስታሌን ጉልበቴ ላይ ሳቅፍ፣ ረዳቱ «ወደ ላይ ጫነው» ብሎ ተቆጥቶ፣
«እንቁላል ነው» አልኩት።
አመነኝ፤ ፌስታሉን ሳይሆን ፊቴን አይቶ።

አዳራሹ ይበርዳል፤ ከጦሳ የወረደ ብርድ።
ኦርኬስትራ ያሉትም ከየትም የተለቃቀመ ዘመድ፦
ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ይመር፣ ከነትራምፔታቸው፣
ሰባት የቫዮሊን ተማሪዎች፣ ከነሳላቸው፣
የሺመቤት እንድሪስ፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ኮንትራባስ ተደግፋ።
ኦቦ የለም፤ ድርሻው ለሳክስፎን ተሰጠ።
ሁለተኛው ክላርኔት ለቅሶ ሄዷል፤ ወንበሩ ብቻውን ተቀመጠ።

«እናንብብ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ፣ በትራቸውን አንስተው፤
ሁሉም ንባብ ቤት እንደገባ ልጅ
ፊደል ፊደሉን እየዳሰሰ፣ እየሳተው።

የተማመንኩባት፣ የማሽኖቹ ሩጫ፣ የአንድ ክረምት ላቤ፣
እፍኝ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ሆነች። ጫማዬ ውስጥ ገባ ልቤ።
ትራምፔቱ ከቫዮሊኖቹ ሲላተም፣ አምባሰል ያልኩት ቅኝት
ከአምባሰል ተራራ ቁልቁል የለቀቁት ቋጥኝ መሰለኝ።
መምህሩ አስቆሙ። «ስህተት ነው ወይስ ሐሳብ?»
«ስህተት ነው» አልኩ። እርሳስ ተቀባበሉ።
አንድ ልጅ ላጲስ አጥቶ በምራቁ ያብስ ነበር።

ከዚያ አራቷ ባር እረፍት ደረሰች።
ሐሳብ የለባትም እሷ፤
ገጽ መገልበጫ ትሁናቸው ብዬ የወረወርኳት ናት።
ሃያ ሁለት ሰው እኩል ገለበጠ። ያ የስስ ወረቀት ድምፅ፣
ያ አንድ ላይ ተነስቶ አንድ ላይ የሚተኛ፣
የእኛ ፋብሪካ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
መብራት ሲሄድ፣ ማሽኑ ሁሉ ባለበት ሲቆም፣
ክሮቹ ብቻ በጨለማ ሲንሳፈፉ የሚሰማው። ሌላ ማንም፣
ከፈረቃችን በቀር፣ ሰምቶት አያውቅም።
ስድስት ዓመት በነሐስም በጅማትም ያሳደድኩት፣
ባዶ በተውኩት ቦታ ገብቶ ተኝቶ አገኘሁት።

«ሰዓት!» አለ ከበሩ አንድ ሰው። መጨረሻው ገጽ ሳይነበብ
ተራው የወልዲያው ልጅ ሆነ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ
ቅጂውን ሊበትን ሲቀርብ።
ወረቀቴን ሰበሰብኩ። «ቀስ»፣ «ትንፋሽ የት?»፣ «እዚህ አይደረስም»፤
አንዱ ጥግ ላይ «ጎሽ»፤ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

በመልሱ፣ ሐረጎ ቁልቁል፣ የሺመቤት ከኋላዬ ነበረች።
ያልተነበበውን ገጽ፣ የራሷን ድርሻ፣
አፏን ሳትከፍት ማንጎራጎር ጀመረች።
የታችኛውን መስመር ብቻ። ሦስት ድምፅ፤ ወረድ፣ ወጣ፣ ዝም።
ከላይዋ ቫዮሊኖቹ ምን እንደሚሉ አታውቅም።
እኔ አውቃለሁ።
ጠዋት አውቅ ነበር።

ቦርከና ድልድይ ጋ ስትወርድ፣ ወደኔ ዞረችና፣
«መጨረሻው ላይ ረጅም እረፍት ጽፈህብኛል፤ ምን ላድርግበት?»
ልመልስላት ስል ረዳቱ በሩን ደረገመው፤
የማታው ፈረቃ ፉጨት ተነፋበት።